የአካባቢ ዕቅድና የቅድሚያ ምርጫ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከከተማይቱ በስተምዕራብ አገሩ እያዘቀዘቀ ሄዶ ከአባይ ሸለቆ ላይ ያበቃል፤ ከሸለቆው ማዶ ጎጃም ይታያል። በሰሜን ሳይንት፣ በምሥራቅ ለጋምቦ፣ በደቡብ ወግዲ ይዋሰኑታል። በዚህ አገር ደጋው፣ ወይና ደጋውና ቆላው ተጣጥፈው ስለሚገኙ ገብስ የሚዘራውና ማሽላ የሚዘራው ገበሬ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። መሬቱ ተዳፋት ነው፤ ዝናቡ በክረምት ተጠራቅሞ ይወርዳል፤ አፈሩም አብሮት ይሄዳል። በመሆኑም «ምን ይሠራ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ብዙ አያከራክርም። እርከኑም፣ ምንጩም፣ መንገዱም፣ ግጦሹም፣ ትምህርት ቤቱም ሁሉም ያስፈልጋል። የሚያከራክረው «ከሁሉ አስቀድሞ የትኛው?» የሚለው ነው።

ላለፉት ሃምሳ ዓመታት በወሎ ደጋ በተካሄደው የአፈርና የውኃ ጥበቃ ሥራ አንዱ እርከን ጸንቶ የጎረቤቱ የፈረሰበት ምክንያት ሲመረመር፣ ከድንጋዩ አደራደርና ከቅየሳው ትክክለኛነት ባልተናነሰ ሁኔታ የቅድሚያውን ዝርዝር ያወጣው ማን ነው የሚለው ጉዳይ ጎልቶ ይወጣል። ለመሐንዲስ ይህ እንግዳ ሊመስለው ይችላል። በትምህርት ቤት የሚቀስመው እውቀት ስለ ቁልቁለት ልክ፣ ስለ ጎርፍ መጠንና ስለ ቦይ ስፋት እንጂ ስለ ሸንጎ አይደለምና። ሆኖም ንድፉ ከወረቀት ወደ መሬት የሚወርደው በሸንጎ በኩል ነው፤ ሸንጎው ካልተቀበለውም ወደ ወረቀቱ ይመለሳል። የሚከተለው ሐተታ ሸንጎው በየዘመኑ ማን እንደ ነበረና ምን ለመወሰን እንደ ተፈቀደለት ባጭሩ ለመዳሰስ የሚሞክር ነው። የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በወሎ ገጠር የአካባቢ ጉዳይ የሚመከርበት ነባሩ ድርጅት ቅሬ ነው። ሌላው የአገራችን ክፍል ዕድር የሚለውን ወሎዬው ቅሬ ይለዋል። የተቋቋመበት ዋናው ምክንያት ቀብር ነው፤ መቃብር መቆፈር፣ ከሩቅ የመጣውን ቀባሪ ማስተናገድ፣ ሐዘንተኛውን ማጽናናት። ዳኛ ይሰየምለታል፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱን አልከፍልም ብሎ የጸና ከቅሬው ይወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው ደግሞ የእናቱን ሬሳ የሚያነሣለት አያገኝም። ከዚህ የሚብስ ቅጣት ለገበሬ የለም፤ ቅሬው ያለ ፖሊስና ያለ እስር ቤት ሲከበር የኖረውም በዚህ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተቀላቅሎ በሚኖርበት የወሎ መንደር ሁለቱን እምነቶች በአንድነት የያዘ ቅሬ ማየት የተለመደ ነው። ታዲያ ለቀብር የተሰበሰበ ሕዝብ ስለ ሟች ብቻ ተነጋግሮ አይበተንም። ጎርፍ የቆረጠው የገበያ መንገድ፣ ከብት የሚያደፈርሰው ምንጭ፣ አዝመራ ሳይነሣ ወደ ማሳ የተለቀቀው በሬ፣ ሁሉም እዚያው ይነሣል። የተወሰነውም ሥራ ጉልበቱን ከደቦ፣ ከወንፈልና ከጅጌ ያገኛል። በወንፈል ጉልበት በተራ ይመለሳል፤ በደቦ ግን ጠሪው ያበላል፣ ያጠጣል።

ከዚህ ሰፋ ባለ መልክ የሚታወቀው አብነት ከደቡብ ወሎ ጋር በሚዋሰነው በመንዝ ይገኛል። የጓሳ ሜዳ ነዋሪዎች «ቄሮ» በሚባለው ሥርዓት 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን ደጋ በጋራ ሲጠብቁት ኖረዋል። የአስቦና የጌራ ተወላጆች ከየወገናቸው አለቃ መርጠው፣ ሜዳውን ለከብትም ለማጭድም ለዓመታት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲጸና በምክር ይከፍቱት ነበር። ለጣሪያ ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር መቼ ይታጨድ፣ ከብት መቼ ይግባ የሚለው ውሳኔ ዛሬ በትልቅ ቃል «የቅድሚያ አወጣጥ» ከምንለው የተለየ አልነበረም።

ይህን ነባር ሥርዓት ያለ ጉድፍ አድርጎ ማቅረብ ግን ከእውነት መራቅ ይሆናል። መሬቱ የርስትና የጉልት መሬት ነበር። ጭሰኛውም፣ ሸማኔውም፣ ቀጥቃጩም በጉባኤው ዳር ይቀመጥ ይሆናል፤ ቃሉ ግን ከባለርስቱ ቃል እኩል አይመዘንም ነበር። በመንዝም ቢሆን የጓሳው ባለመብት የሁለቱ አባቶች ዘር ነው የሚባለው እንጂ በአካባቢው የሰፈረ ሁሉ አልነበረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ይህን ሁሉ ከመሠረቱ ለወጠው። መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ 800 ሄክታር ወይም 20 ጋሻ በሚሆን መሬት ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተደነገገ። በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የተላኩት 60,000 የሚያህሉ ተማሪዎችና መምህራን ማኅበራቱን በማደራጀት ብዙ ደከሙ። በዚያው ዓመት በሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ በከተሞች የቀበሌ ማኅበራትን ፈጠረ። ለመጀመሪያ ጊዜ የቀድሞው ጭሰኛ ከቀድሞው ባለርስት ጎን ተቀምጦ እጁን የሚያወጣበት ጉባኤ ተገኘ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የማኅበራቱ ኋለኛ ታሪክም ሊሸፍነው አይገባም።

ይሁንና ከላይ ከተጠቀሰው ቁጥር ጋር አንድ የመሐንዲስ ጉዳይ ተያይዞ መጣ። 800 ሄክታር ለአስተዳደር የሚመች ስፋት ነው። የውኃ መውረጃን፣ የሸንተረርን ወይም የቅሬን ወሰን ተከትሎ የተሰመረ ግን አይደለም። በአንድ ማኅበር ውስጥ ብዙ ቅሬዎች ገቡ፤ አንድ ወንዝ ደግሞ ለሁለትና ለሦስት ማኅበራት ተከፈለ። የጎርፉ መነሻ በአንዱ ሊቀ መንበር ሥር፣ መድረሻው በሌላው ሥር ሆነ። ይህ የወሰን አለመጣጣም ለሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት ማንም ሳያስተውለው ሥራውን ሲያበላሽ ኖረ ለማለት ይቻላል።

ከ1966ቱ ረሀብ በኋላ መንግሥትም ለጋሾችም የወሎን ተራሮች መልሶ ማልማት የሚል ዓላማ ያዙ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከእርሻ ሚኒስቴር ጋር ሆኖ የጀመረው የምግብ ለሥራ ፕሮጀክት በአፍሪካ ከነበሩት ሁሉ ትልቁ ለመሆን በቃ። ክፍያው በአንድ የሥራ ቀን 3 ኪሎ ግራም እህልና 120 ግራም ዘይት ነበር። የአደጋው ስፋት የሚካድ አልነበረም። በ1978 ዓ.ም. የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ያወጣው የኢትዮጵያ ደጋ አገሮች ጥናት፣ ከደጋው መሬት ግማሽ ያህሉ ማለት 27 ሚሊዮን ሄክታር ጉልህ መሸርሸር እንደ ደረሰበት፣ ከዚህ ውስጥ 14 ሚሊዮኑ ክፉኛ እንደ ተጎዳ፣ 2 ሚሊዮን ሄክታር ደግሞ ለእርሻ እንዳይመለስ ሆኖ እንደ ጠፋ ገለጸ። እንዲህ ያለ አኀዝ የቀረበለት ባለሙያ ቸኮለ። መቸኮሉም አያስወቅሰውም። ዕቅዱ ከላይ በኪሎ ሜትርና በሄክታር ተተምኖ ለአውራጃ፣ ከአውራጃ ለወረዳ፣ ከወረዳ ለገበሬ ማኅበር ይወርድ ጀመር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሥራ ኮታውን ለአባሎቹ ማከፋፈል ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ መሥራት ነገሩን ያብራራል። በሥራ መመዘኛው መሠረት አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን፣ አንድ ኪሎ ሜትር የድንጋይ እርከን 250 የሰው ቀን ይጠይቃል። በቀን 3 ኪሎ ሲታሰብ የአፈሩ እርከን 4.5 ኩንታል፣ የድንጋዩ 7.5 ኩንታል እህል ወደ መንደሩ ያስገባል ማለት ነው። አንድ ምንጭ ማጎልበት ግን ጥቂት ጉልበት ይፈልግና ሲሚንቶና ቧንቧ ይጠይቃል፤ ስንዴ ደግሞ ሲሚንቶ አይሆንም። ከብት እንዳይገባበት ተራራ መከለልም ከጥበቃ በቀር እምብዛም የሰው ቀን የለውም፤ ስለዚህ እህልም የለውም። በረሀብ ዘመን ገበሬ «ምን ይቅደምላችሁ?» ቢባል እንኳ መልሱ አስቀድሞ በእህሉ ሚዛን ተወስኗል። ድንጋይ የሚያስለቅም ሥራ ሁሉ ቅድሚያ አገኘ። ይህ የማንም ተንኮል አልነበረም። የክፍያው ዘዴ ራሱ ዕቅድ አውጪ ሆኖ ስለ ተገኘ ነው።

ገበሬው ስለ እርከኑ ምን ያስብ እንደ ነበር የሚያስረዳ የሙያ ማስረጃም በዚሁ በደቡብ ወሎ መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። በ1973 ዓ.ም. የስዊሱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ ከእርሻ ሚኒስቴር ጋር በመሆን ያቋቋሙት የአፈር ጥበቃ ምርምር የመጀመሪያውን ጣቢያ የከፈተው ከደሴ በስተደቡብ በማይባር ነው። በዚያና በኋላ በተከፈቱት ሌሎች ጣቢያዎች ዝናብ፣ ጎርፍ፣ የአፈር ብክነትና ምርት በየዓመቱ ይለካ ነበር። አፈሩ በእርከን እንደሚያዝ ልኬቱ አሳየ፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት እንደሚጨምር ሁልጊዜ አላሳየም። በተዳፋት ላይ የሚሠራ እርከን የማሳውን አንድ አሥረኛ፣ ቁልቁለቱ ከበረታም ከዚያ የበለጠውን መሬት ይወስዳል። ግማሽ ሄክታር ላለው ሰው ይህ የአንድ ወር ቀለብ ነው። በሬ ለማዞር ቦታው ይጠባል፤ በድንጋዩ ውስጥ አይጥ ይራባል፤ ውኃ በማያሰርግ አፈር ላይ ከእርከኑ ጀርባ ውኃ ይተኛል። ገበሬው «እርከን አልፈልግም» አላለም። እያንዳንዱ እርከን የት፣ በምን ያህል ርቀት፣ በማን ማሳ ይጀመር የሚለውን ሊከራከር ፈለገ። የሚከራከርበት ሸንጎ ግን አልነበረውም።

የ1977 ዓ.ም. ረሀብ፣ በሰፈራ ስም ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የተወሰደው 600,000 ያህል ሕዝብ፣ ከዚያም የመንደር ምሥረታው ዘመቻ ተከታትለው መጡ። ከሰፋሪዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የወሎ ሰዎች ነበሩ። በቦታው የቀረው ሰው የዛሬ ዓመት በዚያው ማሳ ላይ መገኘቱን እርግጠኛ አልነበረም። ለልጅ ልጅ የሚሆን ድንጋይ እንዴት ይደርድር? በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ተበተኑ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ «የሕዝብ ደን» የተባለው ባሕር ዛፍ በብዙ ቦታ ተመነጠረ፤ የተከለለው ተራራ ለከብት ተከፈተ፤ እርከን ተነቀለ።

ስለዚያ ወቅት ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ሕዝቡ ሁሉን አወደመው» ተብሎ ነው። ጥናቶቹ የሚያሳዩት ግን ከዚህ የረቀቀ ነገር ነው። በአያሌ ቦታ ገበሬው የነቀለው ሁሉንም አይደለም። ሁለት እርከን ባለበት አንዱን አንሥቶ አንዱን ተወ፤ ለበሬ ማዞሪያ እንዲበቃው አራራቀው፤ ከጓሮው አጠገብ ያለውንና ጎርፍ በእርግጥ የሚመታውን ግን ጠገነው። ጉዳዩን በሰፊው የመረመሩት የኅብረተሰብ ጥናት ባለሙያው የራስወርቅ አድማሴ የተከለለው ተራራና የተተከለው ደን በገበሬው ዓይን የመንግሥት እንጂ የራሱ ሆኖ እንዳልታየ፣ ለውድቀቱም የመብት አለመለየት ትልቅ ምክንያት እንደ ሆነ አሳይተዋል። እንግዲህ የ1983ቱ ንቀላ ገበሬው ዘግይቶ ያወጣው የራሱ የቅድሚያ ዝርዝር ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ በእርሳስ የተጻፈው ግን በዶማ ነው።

ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እርሻ ሚኒስቴርና የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከዚህ ተምረው «የአካባቢ አሳታፊ ዕቅድ» የተባለውን አሠራር ዘረጉ። በደቡብ ወሎና በምሥራቅ ጎጃም በስዊድን መንግሥት እርዳታ ከ1989 ዓ.ም. ገደማ እስከ 2002 ዓ.ም. የተካሄደው የአማራ ክልል ገጠር ልማት ፕሮግራምም አሳታፊ ዕቅድን መርሑ አደረገ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ እርሻና ገጠር ልማት ሚኒስቴር ልምዱን አጠናቅሮ የማኅበረሰብ አሳታፊ ተፋሰስ ልማት መመሪያን አወጣ። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ነዋሪው በጠቅላላ ጉባኤ ከየጎጡ፣ ከሴቶችም ከወጣቶችም፣ የዕቅድ ቡድን ይመርጣል። ቡድኑ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር ተራራውን ከጫፍ እስከ ወንዝ በእግሩ ያቋርጣል። መሬት ላይ በአመድ፣ በጠጠርና በእንጨት ካርታ ይሣላል፤ ኋላ ወደ ወረቀት ይገለበጣል። ችግሮቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይወዳደራሉ፤ «ምንጩ ወይስ መንገዱ? መንገዱ ወይስ ቦረቦሩ?» ይባላል፤ ድምፅ በባቄላ ወይም በጠጠር ይቆጠራል። የተገኘው ተራ ለጠቅላላ ጉባኤ ተመልሶ ካልጸደቀ ዕቅድ አይባልም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለመሐንዲስ ከፍተኛ ትርጉም ያለው የዕቅዱ ክልል ነው። መመሪያው ቀበሌን ትቶ ከ200 እስከ 500 ሄክታር የሚሆን ንኡስ ተፋሰስን መነሻ አደረገ። ይህ ስፋት በደጋው ወሎ አንድ ወይም ሁለት ጎጥ፣ ማለትም ጥቂት ቅሬዎች የሰፈሩበት ነው። ከላይ የሚያርሰውና ከታች ጎርፍ የሚመታው ሰው በአንድ መቃብር የሚገናኙበት ስፋት ነው። የላይኛው ገበሬ መቀልበሻ ቦይ ካልቆፈረ የታችኛው ማሳ ይቦረቦራል፤ በ800 ሄክታሩ ማኅበር ይህ በሊቀ መንበሩ በኩል የሚሄድ ክስ ነበር፤ በተፋሰሱ ግን ፊት ለፊት የሚነገር የጎረቤት ነገር ሆነ። በብዙ ቦታም የተፋሰሱ ውስጠ ደንብ፣ ከብት ያስገባ ስንት ይከፍላል፣ ዛፍ የቆረጠ ምን ይሆናል የሚለው፣ በተግባር የዋለው በቅሬ ዳኛ አማካይነት ነው። የቀበሌ ፍርድ ይግባኝ ይባልበታል፤ የቅሬ ፍርድ ግን ወዴት ይግባኝ ይባላል?

ተመሳሳይ መንገድ የተከተሉ ሌሎች አገሮችም አሉ። በብራዚል የፖርቶ አሌግሬ ከተማ ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ የየሠፈሩ ጉባኤ ከከተማው በጀት የቱ ሥራ ይቅደም ብሎ እንዲመርጥ ሥርዓት አበጀች። በእንግሊዝ አገር በ2004 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ነዋሪዎች የሠፈራቸውን ዕቅድ አውጥተው በድምፀ ውሳኔ እንዲያጸድቁ ፈቀደ። ልዩነቱ ግን መዘንጋት የለበትም። እዚያ በተራ የሚደረደረው የመንግሥት ገንዘብና የሕንፃ ፈቃድ ነው። በቦረናና በሳይንት ተዳፋት ላይ የሚደረደረው የመራጩ የራሱ ጉልበት፣ የራሱ ማሳና የራሱ ግጦሽ ነው። ስለዚህም እዚህ የተሳሳተ ቅድሚያ ዋጋው ከባድ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ይህን አሠራር በደቡብ ወሎ በብዙ ወረዳዎች አስፋፋ። ሥራ መሥራት የሚችል ቤተሰብ በአባል ቁጥር በወር አምስት ቀን የማኅበረሰብ ሥራ ሠርቶ ለእያንዳንዱ አባል 15 ኪሎ እህል ወይም ተመጣጣኙን ገንዘብ ያገኛል። ሥራው ከተፋሰሱ ዕቅድ መመረጥ እንዳለበት ተደነገገ። አሮጌው ሒሳብ ግን ከሥር ብቅ ማለቱ አልቀረም። ከፕሮግራሙ ገንዘብ አብዛኛው ለጉልበት ክፍያ፣ ጥቂቱ ለዕቃ መግዣ ስለ ተመደበ ጉልበት የሚበላ ሥራ እንደገና ተመረጠ። በዚያ ላይ ወረዳው የራሱን የኪሎ ሜትር ግብ ይዞ ይመጣል፤ የመንደሩ ዝርዝር ከወረዳው ግብ ጋር ሲጣላ የትኛው እንደሚረታ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየበጋው ያለ ክፍያ የተካሄደው የተፋሰስ ልማት ንቅናቄ በሠራው ሥራ ብዛት የሚያስደንቅ ነው፤ ነገር ግን ዘመቻ በባሕርዩ ሪፖርት ይወዳል፣ ሪፖርትም ኪሎ ሜትር ይወዳል።

ሚዛኑ ወደ ሌላ ወገን ያዘነበለበት አንድ ሙከራ በዚሁ በአማራ ክልል ተደርጓል። በፊንላንድ እርዳታ ይካሄድ የነበረው የገጠር ውኃ ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ ገንዘቡን ለነዋሪው ራሱ መስጠት ጀመረ። ውኃ የፈለገ መንደር ኮሚቴ መርጦ ያመለክታል፤ ድርሻውን በጉልበት፣ በአካባቢ ዕቃና በጥሬ ገንዘብ ያዋጣል፤ ማመልከቻው ሲፈቀድ ገንዘቡ ያኔ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በነበረው፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ በሆነው ድርጅት በኩል በኮሚቴው እጅ ይገባል። ሲሚንቶውንም ቧንቧውንም የሚገዛው፣ ግንበኛውንም የሚቀጥረው ኮሚቴው ነው። የመሐንዲሱ ድርሻ ንድፍ መስጠትና ሥራውን መመርመር ሆነ። ሊቃውንቱ ገንዘቡ ይባክናል ብለው ቢሰጉም ዘዴው ጸንቶ ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛመተ። በምግብ ለሥራ ዘመን ምንጭ ሁልጊዜ ወደ ኋላ የቀረበት ምክንያት ሲሚንቶ የሚገዛ እጅ በመንደሩ ስላልነበረ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

ምንጭ በተነሣ ቁጥር የሴቶች ነገር ይነሣል። በተደባለቀ ጉባኤ ላይ ወንዶቹ መንገድንና ማሳን ሲያስቀድሙ፣ ሴቶቹ ለብቻቸው ሲጠየቁ ውኃንና ወፍጮን ማስቀደማቸው ባለሙያዎች ደጋግመው ያዩት ነው። እንስራ ተሸክማ ገደል የምትወጣ ሴት በቅሬው ጉባኤ ከኋላ ትቀመጣለች። መመሪያው ሴቶች በዕቅድ ቡድኑ እንዲገኙ ያዘዘው ስለዚህ ነው፤ መገኘትና መናገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዝርዝሩ ከሁለት ጉባኤ ተውጣጥቶ በሦስተኛው ሲታረቅ የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ከመንደር ያለፈ ቅድሚያም አለ። ደንቆሮ ተብሎ የሚታወቀው የቦረናና የሳይንት ጫካ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የተፈጥሮ ሀብት ሲሆን፣ ክልሉ በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ አድርጎታል። ለአገርና ለዓለም የሚሰጠው ጥቅም የታወቀ ነው። በዳሩ ለሚኖረው ገበሬ ግን ጫካው ማገዶ፣ ሣርና የድርቅ ወራት ግጦሽ ነው። የፓርኩ ወሰን በሁለት ጎጥ ጉባኤ ብቻ ሊወሰን አይችልም፤ ያለ እነርሱም ሊጠበቅ አይችልም። ንኡስ ተፋሰሱን በደንብ ያገለገለው የጉባኤ ዘዴ ለዚህ ስፋት ይጠብባል፤ ብዙ ቅሬዎችን ከወረዳና ከክልል ጋር በእኩልነት የሚያስቀምጥ ሸንጎ ገና በሚገባው ልክ አልተደራጀም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው የትጥቅ ግጭት ምክንያት ባለሙያ ወደ ቀበሌ መውጣት በብዙ ስፍራ ተስኖታል፤ የዕቅድ ጉባኤዎችም ተቋርጠዋል። ቅሬው ግን ቀብር አለና መሰብሰቡን አይተውም። በተከለሉት ተራሮች ላይ ዛሬ የሚያከራክረው የእርከኑ ርዝመት ሳይሆን ክረምት ካለፈ በኋላ የሚታጨደው ሣር ነው። ከብት ያለው ለከብቱ ይፈልገዋል፤ ከብት የሌለው ሸጦ እህል ሊገዛበት ይፈልጋል፤ ለንብ እርባታና ለከብት ማድለብ በማኅበር የተደራጁ መሬት አልባ ወጣቶችም ተራራው ለእነርሱ እንደ ተሰጠ ይናገራሉ። በ1997 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዝርዝር በባቄላ ሲቆጠር በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የነበረው ሕፃን ዛሬ ጎጆ መውጣት የሚፈልግ ወጣት ሆኗል፤ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ለእርሱ የተቆጠረ ባቄላ አልነበረም።